ጋቢው ነጭ ሲሆን ፊቱ ለምን ይጠቁራል?

ጎንደር አቅራቢያ ባለችው ጠዳ፣ ገበያ ላይ ነጭ ጋቢ የደረቡ አባት ፈቅደውላችሁ ፎቶ ብታነሷቸው፣ ብዙ ጊዜ የምታገኙት የደበዘዘ ጋቢና ገጽታው የማይለይ ጥቁር ፊት ነው። ሰው ስልኩን ይወቅሳል። የሚዲያ ተማሪዎች ሆነን የፎቶግራፍ ክፍል ስንገባ ግን ባለ ትልቁ ካሜራም ባለ ስልኩም ይዞት የመጣው ፎቶ ያው ነበር።

ካሜራ ጋቢም ፊትም አያውቅም። የሚያውቀው ተንጸባርቆ የሚደርሰውን ብርሃን ብቻ ነው። የብርሃን መለኪያው የተሠራው፣ ከፊቱ ያለው ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው በሚል ግምት ነው፤ ካረፈበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን የሚመልስ ግራጫ። ጋቢ ግን አብዛኛውን ይመልሳል። ፍሬሙን ጋቢ ሲሞላው ካሜራው ብርሃን የበዛ ይመስለውና ይቀንሳል። ጋቢው ወደ ግራጫ ይወርዳል፤ ቀድሞም ያን ያህል ብርሃን የማይመልሰው ፊት አብሮ ይወርዳል። ጥቁር የለበሰች ሐዘንተኛ ስትነሣ ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ ካሜራው ይጨምርና ልብሷ አመድማ ሆኖ ይወጣል። የዛሬ ስልኮች ፊት ፈልገው ለማስተካከል ይሞክራሉ፤ ፊቱ በነጠላ ሲከለል ወይም የባርኔጣ ጥላ ሲያርፍበት ግን ይስታሉ።

(በፊልም ዘመን ቀለሙስ ለማን ተለክቶ ነበር? ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ይልከው የነበረው ናሙና ካርድ «ሸርሊ» ይባል ነበር፤ ለረጅም ጊዜ ካርዱ ላይ የምትታየው ነጭ ሴት ነበረች። ጠይም ፊት በሒሳቡ አልገባም።)

መፍትሔው ቀላል ነው። ስልክ ላይ ፊቱን በጣት ንኩ፤ ፀሐይ የምትመስለው ምልክት ስትወጣ ትንሽ ወደ ላይ ግፏት። ካሜራ የያዘ ሰው የብርሃን ማካካሻውን ወደ +1 ያደርጋል። ጥለቱ እስኪጠፋ ድረስ ግን አትግፉ፤ ነጥቶ የጠፋ ጥለት በኋላ በምንም አይመለስም። እኔ የምመርጠው እኚያን አባት ወደ ጥላ መጥራት ነው፤ ደጃፍ ላይ፣ ፊታቸው ወደ ውጭ ሆኖ። ጎንደርና አካባቢዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለሆኑ ፀሐይ በቀትር ከአናት ብዙም አትርቅም፤ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትቆማለች። ያኔ ቅንድብ ዓይንን ያጨልማል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የወጣ ሰው ይህን ሁሉ ጣጣ አያውቀውም።

ካሜራን ለመረዳት ደግሞ ወፍጮ ቤት የተሻለ ትምህርት ቤት ነው። ውስጡ ጨለማ፣ አየሩ ዱቄት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ምስማር በበሳው ቀዳዳ የገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ክብ ይሠራል፤ ያ ክብ የቀዳዳው ቅርጽ ሳይሆን የፀሐይ ምስል ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ጨረቃ ፀሐይን ስትጋርድ ክቦቹ ሁሉ ማጭድ ሆነው ነበር። ካሜራም ከዚህ የተለየ አይደለም፦ ጨለማ ሣጥን፣ ቀዳዳ፣ ምስሉ የሚያርፍበት ወለል። አፐርቸር የቀዳዳው ስፋት ነው፤ ሲጠብ ከቅርብ እስከ ሩቅ ጥርት ይላል፣ ብርሃኑ ግን ያንሳል። ሹተር ቀዳዳው ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ ነው፤ በ1/500 ሰከንድ የሚወርደው ዱቄት አየር ላይ ይቆማል፣ በ1/15 ክር ሆኖ ይፈስሳል። አይኤስኦን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ትብነት፣ ከፍ ማድረግ ጨለማውን ያበራል፤ ዋጋው የምስሉ መሻከር ነው። ዱቄቱ ቁሞ ይታይ ወይስ ይፍሰስ? እዚህ ላይ ማሽኑ ያበቃል፣ ታሪኩ ይጀምራል።

ታሪክ ሲባል መምህራን ዋይድ ሾት፣ ሚድየም፣ ክሎዝ አፕ ይላሉ፦ መጀመሪያ ቤቱና ወረፋው፣ ቀጥሎ ከረጢት የተሸከመችው ሴት፣ ከዚያ ዱቄቱን በሁለት ጣት ፈትጋ ልስላሴውን የምታየው እጇ። ከሦስቱ የማስቀረው አንድ ቢሆን እጇን ነው።

ይህን ዘዴ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አፄ ኢያሱ ቀዳማዊ የመሠረቱት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን እዚሁ ጎንደር አለ። ግድግዳው በክፍል በክፍል የተሣለ ታሪክ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ልማድ ቅዱሳን ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው በሁለት ዓይን ያዩናል፤ ክፉዎች በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ስለ ካሜራ አንግል ከተሰጠን ገለጻ ሁሉ ይሄኛው ይበልጥብኛል።

ለዘመናችን ደግሞ ፎቶ ጋዜጠኛው ሙሉጌታ አየነ አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን መጋቢት 1 ቀን 2011 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ሲያልቁ፣ ለአሶሼትድ ፕሬስ ያነሣቸው ተከታታይ ፎቶዎች በ2020 እ.ኤ.አ. በወርልድ ፕሬስ ፎቶ የሰበር ዜና ተከታታይ ፎቶዎች ዘርፍ 1ኛ ወጥተዋል። ከሥራዎቹ አንዱ ላይ አንዲት ሐዘንተኛ አፈር ወደ ገዛ ፊቷ ትበትናለች። እዚያ ፎቶ ላይ የአውሮፕላን ስብርባሪ ማሳየት አላስፈለገውም።

ጥር 11 ቀን ለጥምቀት ፋሲለደስ መዋኛ ስትሄዱ ከፊታችሁ ያለው ሕዝብ ነጭ በነጭ ነው፤ ካሜራችሁ መሳቱ አይቀርም። ፊቱን ንኩ፣ ትንሽ ወደ ላይ ግፉ። ከዚያ በፊት ግን የምታነሡትን ሰው አስፈቅዱ።