ዋይፋይ ያጣ ላፕቶፕ ገና አልሞተም

ፕሮሰሰሩ ደህና ነው፤ ስክሪኑ አልተሰነጠቀም፤ ኪቦርዱም ይሠራል። ዋይፋይ ግን አይዝም። በዚህ ምክንያት ብቻ ስንት ላፕቶፕ ቁም ሳጥን ውስጥ ተወርውሮ እንደሚቀር የጥገና ባለሙያዎች ያውቁታል። ባለቤቱ «አርጅቷል» ብሎ ይፈርድበትና የአዲስ ላፕቶፕ ዋጋ ማጠያየቅ ይጀምራል። ፍርዱ ችኩል ነው። በአብዛኞቹ የቆዩ ላፕቶፖች ዋይፋዩን የምታመጣው ከቴምብር ብዙም የማትበልጥ፣ በአንድ ወይም በሁለት ብሎን የታሰረች ካርድ ናት። ትነቀላለች፤ ትተካለችም።

ካርዷ ከጥንትም ላፕቶፕ ውስጥ አልነበረችም። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) 802.11 የተባለው የዋይፋይ መነሻ ስታንዳርድ የወጣው በ1997 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 1999፣ ስቲቭ ጆብስ በኒውዮርኩ የማክወርልድ መድረክ ላይ የአፕልን አይቡክ ሲያስተዋውቅ ኢንተርኔት የከፈተውን ላፕቶፕ በሁላ ሁፕ ቀለበት ውስጥ አሳልፎ ምንም ገመድ እንዳልተሰካበት ለታዳሚው አሳየ። ያን ዋይፋይ የሰጠችው ኤርፖርት የተባለች ካርድ ግን ለብቻዋ በ99 ዶላር የምትሸጥ ተጨማሪ ዕቃ ነበረች። ሌሎቹ ላፕቶፖች በጊዜው ዋይፋይ የሚያገኙት ከጎናቸው በሚሰካና ጫፉ ወደ ውጭ በሚቀር ካርድ ነበር። ይህን ልማድ የለወጠው ኢንቴል ነው። በመጋቢት 2003 ፕሮሰሰሩን፣ ቺፕሴቱንና ዋይፋይ ካርዱን በአንድ ላይ አዋቅሮ ሴንትሪኖ በሚል ስም ገበያ ላይ አወጣ። የመጀመሪያዋ የሴንትሪኖ ካርድ ፍጥነት በሴኮንድ ቢበዛ 11 ሜጋቢት ብቻ ነበር። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ ዋይፋይ የሌለው ላፕቶፕ እየጠፋ ሄደ።

ካርዷ በአጭሩ ሬዲዮ ናት፤ ትልካለች፣ ትቀበላለች። አንቴናዋ ግን እሷ ላይ የለም። ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ቀጫጭን ገመዶች ከካርዷ ተነስተው፣ በማዘርቦርዱ ጠርዝ ሾልከው፣ በስክሪኑ ማጠፊያ በኩል ወደ ክዳኑ ይወጣሉ። አንቴናዎቹ ያሉት እዚያ፣ በስክሪኑ ዙሪያ ነው። ቦታው በዘፈቀደ አልተመረጠም፦ ክዳኑ ሲከፈት ከፍ ይላል፣ ከተጠቃሚው እጅና ከማዘርቦርዱ ብረታ ብረትም ይርቃል። ጉዳቱ ደግሞ ከዚያው ቦታ ይመጣል። ማጠፊያው በየቀኑ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከዓመታት በኋላ ገመዱ ውጩ ደህና መስሎ ውስጡ ሊቆረጥ ይችላል። ስክሪን ወይም ማጠፊያ ሲቀየርም ገመዱ ተቆንጥጦ ወይም ሳይሰካ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ብዙ ሰው «ካርዱ ሞተ» የሚለው ካርዷ ሳትበላሽ፣ አንቴናዋ ተቆርጦባት ነው።

በምሳሌ ለማየት በ2011 የወጣውን የሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ420 መውሰድ ይቻላል። እንደ እሱ ለመሥሪያ ቤት ተብለው የተሠሩ ላፕቶፖች፣ ቲንክፓዱም ሆነ የዴል ላቲቲዩድና የኤችፒ ኤሊትቡክ፣ ካገለገሉ በኋላ ከውጭ ገብተው አዲስ አበባ ውስጥ ይሸጣሉ። ጠንካሮች ናቸው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ይፈታሉ። ቲ420 ከፋብሪካ ሲወጣ ሁሉም አንድ ዓይነት ካርድ አልነበረውም። ዝቅተኛዋ የኢንቴል 1000 ካርድ 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ታያለች፤ 6205 አምስት ጊጋኸርዝም ይዛ እስከ 300 ሜጋቢት ትሄዳለች፤ 6300 ደግሞ በሦስት አንቴና እስከ 450 ትደርሳለች። ስለዚህ የጎረቤት ስልክ የሚያየውን የዋይፋይ ስም ላፕቶፑ ካላየው ምናልባት ምንም አልተበላሸም። ራውተሩ በ5 ጊጋኸርዝ ብቻ እየላከ፣ ካርዷ ያን የማትሰማ ልትሆን ትችላለች።

ብሎን ከመፈታቱ በፊት የሚደረገው ምርመራ ከጥገናው ራሱ ይበልጣል። መጀመሪያ በላፕቶፑ ጎን ላይ ያለው የዋይፋይ ማብሪያ ይታያል፤ በድሮዎቹ ላይ ቦርሳ ውስጥ ሲገባ ሳይታወቅ የሚጠፋ ትንሽ ማንሸራተቻ አለ። ቀጥሎ ላፕቶፑ ጠፍቶ፣ ቻርጀሩ ተነቅሎ፣ ባትሪውም ወጥቶ፣ የማብሪያው ቁልፍ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭኖ ይያዛል። ይህ የቀረውን ኤሌክትሪክ ያራግፋል፤ የጠፋች ካርድ በዚህ ብቻ የምትመለስበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ካልሆነ በዊንዶውስ ላይ ዲቫይስ ማኔጀር ይከፈታል። ካርዷ ስሟ ተዘርዝሮ ቢጫ ምልክት ከተደረገባት ጥርጣሬው ወደ ድራይቨር ነው። ስሟ ጨርሶ ከሌለ ግን ወይ ካርዷ፣ ወይ ሶኬቷ፣ ወይ የባዮስ፣ ማለትም ላፕቶፑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ፕሮግራም፣ መቼት ነው። ኡቡንቱ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም በፍላሽ ጭኖ፣ ሃርድ ዲስኩን ሳይነኩ ከዚያ ማስነሳት ደግሞ ክርክሩን ይቆርጣል፦ እዚያ ላይ ዋይፋዩ ከሠራ ካርዷ ደህና ናት፤ ችግሩ ዊንዶውሱ ላይ ነው።

ብሉቱዝም መስካሪ ነው። በብዙ ካርዶች ዋይፋይና ብሉቱዝ አንድ ላይ ናቸው፤ ነገር ግን በአንዷ ሶኬት ውስጥ በተለያየ መስመር ይሄዳሉ፣ ዋይፋዩ በፒሲአይ ኤክስፕረስ፣ ብሉቱዙ በዩኤስቢ። ሁለቱም በአንድ ቀን ከጠፉ ጣት የሚቀሰረው ካርዷ ላይ ነው። ዋይፋዩ ኖሮ ከራውተሩ አጠገብ ብቻ የሚይዝ፣ ወደ ሌላ ክፍል ሲሄዱ የሚቆረጥ ከሆነ ግን ወደ አንቴናው ገመድ መሄድ ነው። አዲስ ካርድ መግዛት እዚህ ላይ ገንዘብ ማባከን ነው።

መፍታቱ እንደየላፕቶፑ ይለያያል። የኤችፒ ኤሊትቡክ 8460ፒ የታች ክዳን ያለ ካቻቢቴ በመቀርቀሪያ ይከፈታል። በቲ420 ግን ባትሪው ወጥቶ፣ ከታች ያሉት ብሎኖች ተፈትተው፣ ኪቦርዱና መዳፍ የሚያርፍበት ክፍል መነሳት አለባቸው፤ ከዚያኛው ክፍል ጋር የተያያዘውን ስስ የታችፓድ ገመድ ሳይነቅሉ መሳብ ሌላ ብልሽት መግዛት ነው። ብሎኖቹ ርዝመታቸው አንድ አይደለም፤ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ሲገባ ማዘርቦርድ ሊወጋ ይችላል። ባለሙያዎች እንደ አወጣጣቸው ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ የሚደረድሯቸው ለዚህ ነው።

ካርዷ ጋ ሲደረስ ቀስ ማለት ያስፈልጋል። የአንቴናዎቹ ጫፎች ስፋታቸው 2 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ክብ የናስ ቆብ ናቸው፤ በካርዷ ላይ ካለው ቀለበት ጋር ቀጥ ብለው ሲጫኑ «ቀጭ» ይላሉ። የሚነሱትም ቀጥ ብለው ወደ ላይ ነው፤ በጥፍር ወይም በወረንጦ ከሥራቸው ይነሳሉ እንጂ ገመዱ አይጎተትም። ይህን ማያያዣ የሠራው የጃፓኑ ሂሮሴ ኩባንያ ራሱ የሚሰጠው ዋስትና ለ30 ጊዜ መስካትና መንቀል ብቻ ነው። በየጥገናው ሲነቀል ሲሰካ የኖረ ጫፍ ቢላላ አያስገርምም። ዋናው ገመድ ብዙውን ጊዜ ነጭ፣ ሁለተኛው ጥቁር ነው፤ ሦስተኛ ካለ ግራጫ ይሆናል። የት እንደነበሩ በስልክ ፎቶ ማንሳት ኋላ ከመጠራጠር ያድናል። ብሎኗ ስትወጣ ካርዷ ራሷ በሰያፍ ብድግ ትላለች፤ በዚያው አቅጣጫ ትሳባለች። ወርቅማ ጥርሶቿ ጠቁረው ከሆነ በንጹህ ላጲስ ቀስ ብሎ መጥረግና መልሶ መሰካት ይሞከራል። አንዳንዷ በዚህ ትነሳለች።

ካልተነሳች ምትክ ይፈለጋል። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ነው።

አንደኛው ጣጣ ልክ ነው። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ለብዙ ዓመታት የገዛችው ሚኒ ፒሲአይ ኤክስፕረስ የተባለችው 52 ፒን ያላት ካርድ ስትሆን፣ እሷም ሙሉና ግማሽ ትባላለች፤ ሁለቱም ወርዳቸው 30 ሚሊሜትር ነው፣ ርዝመታቸው ግን ሙሉዋ 51፣ ግማሿ 27 ሚሊሜትር ያህል ነው። ከእሷ ቀጥላ የመጣችው ኤም ዶት 2 የምትባለው ናት፤ 22 በ30 ሚሊሜትር። አንዷ በሌላዋ ሶኬት አትገባም። አገናኝ አዳፕተር ይሸጣል፤ ይሁንና የኤም ዶት 2 ካርድ የአንቴና ቀለበት ከድሮው ያነሰ ስለሆነ የአሮጌው ላፕቶፕ ገመድ አይገጥማትም። ለቲ420 ዓይነቱ በልክ የምትሆነው ግማሿ ናት። ከእነዚህም በ2013 የወጣችው ኢንቴል 7260 በሁለት አንቴና እስከ 867 ሜጋቢት ትሄዳለች፤ ብሉቱዝም አላት።

ሁለተኛው ጣጣ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ከቴክኒክ ሳይሆን ከኩባንያ ውሳኔ የመጣ ነው። ቲ420 ሲነሳ ባዮሱ የካርዷን መለያ ቁጥር ያነብባል። ቁጥሩ ከተፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ ከሌለ 1802 የሚል የስህተት ቁጥር አውጥቶ ያልተፈቀደ የኔትወርክ ካርድ እንደተሰካ፣ ላፕቶፑም ጠፍቶ ካርዷ እንድትወጣ ያዝዛል፤ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ አይልም። ኤችፒም በብዙ ሞዴሎቹ እንዲሁ አድርጓል፤ የእሱ ቁጥር 104 ነው። እገዳው በካርዷ ዓይነት ብቻ የተወሰነ አይደለም። ከዴል ላፕቶፕ የተነቀለች ኢንቴል 6300 እና ለሌኖቮ የተሠራች ኢንቴል 6300 ቺፓቸው አንድ ነው፤ የሚለያቸው ውስጣቸው የተጻፈው የሻጩ መለያ ነው። ቲ420 ግን የመጀመሪያዋን ይገፋል፣ ሁለተኛዋን ይቀበላል።

ኩባንያዎቹ የሰጡት ምክንያት የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የሬዲዮ ፈቃድ የሚሰጠው ካርዱና አንቴናው አብረው ተፈትነው ነው የሚል ነው። ምክንያቱ ውሃ አይቋጥርም። በዚያው ዘመን፣ በዚያው ሕግ ሥር፣ የዴል ላፕቶፖች በአብዛኛው ያለዚህ እገዳ ተሽጠዋል። የእገዳው ውጤት ለሬዲዮ ሞገዱ ያመጣው ጥበቃ ሳይሆን፣ ደህና ላፕቶፕ በአንዲት ካርድ ምክንያት ከጥቅም ውጭ መሆኑ ነው። ዕቃው በሁለተኛና በሦስተኛ እጅ በሚያገለግልበት አገር ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ባዮሱን ቀይሮ እገዳውን የሚያነሱ ባለሙያዎች አሉ፤ ሆኖም በሥራው መሃል መብራት ቢጠፋ ማዘርቦርዱ ጨርሶ ሊሞት ይችላልና ያልለመደ ሰው ባይሞክረው ይሻላል። ደህንነቱ የተጠበቀው መንገድ የኩባንያውን የመለዋወጫ ቁጥር የያዘች ካርድ መፈለግ ነው፤ በሌኖቮ ካርዶች ላይ ቁጥሩ ኤፍ አር ዩ ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ተጽፎ ይገኛል። ለመለዋወጫ ከተቀመጠ ያው ሞዴል ላፕቶፕ የተነቀለች ካርድም ያለ ጥያቄ ትገባለች።

ሦስተኛው ጣጣ ዘግየት ብለው የወጡ ላፕቶፖችን ይመለከታል። ከ2017 ወዲህ ኢንቴል የዋይፋዩን ሥራ ከፍሎ አንዱን ወገን ወደ ፕሮሰሰሩና ቺፕሴቱ አስገብቶታል፤ በካርዷ ላይ የቀረው የሬዲዮው ክፍል ነው። 9560 እና ኤኤክስ201 የዚህ ዓይነት ናቸው። መልካቸው ከ9260 እና ከኤኤክስ200 ጋር አንድ ይመስላል፤ ነገር ግን ያን ሥራ በማይደግፍ ላፕቶፕ ላይ ቢሰኩ እንደሌሉ ይቆጠራሉ። በሌሎች ስስ ላፕቶፖች ደግሞ ካርዷ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደች ስለሆነች በካቻቢቴ የሚሆን ነገር የለም።

አዲሷ ካርድ ተሰክታ፣ ዲቫይስ ማኔጀርም አይቷት፣ «ዋይፋይ ጠፍቷል» የሚል መልእክት እምቢ ብሎ ከቀረ በሚኒ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ካርድ ላይ ሰበቡ ብዙ ጊዜ 20ኛው ፒን ነው። ላፕቶፑ ካርዷን የሚያበራና የሚያጠፋው በእሱ ነው፤ ማብሪያው የተበላሸበት ላፕቶፕ ሁልጊዜ «ጥፊ» ይላታል። ጠጋኞች ያን አንድ ፒን በቀጭን የኤሌክትሪክ ፕላስተር ይሸፍኑታል። ማብሪያው ከዚያ ወዲያ አይሠራም፤ ዋይፋዩ ግን ይበራል።

ይህ ሁሉ የማይሆንለት፣ ወይም ፈተና ደርሶበት ላፕቶፑን ዛሬውኑ የሚፈልግ ተማሪ በዩኤስቢ የሚሰካ ዋይፋይ ቢገዛ ትክክል ነው። ከጥፍር የማትበልጠው ዓይነት አንቴናዋ ትንሽ ስለሆነ ከራውተሩ ስትርቅ ትደክማለች፤ ሩቅ ለሚቀመጥ ሰው አንቴናው ወጣ ያለው ይሻለዋል። የላፕቶፑ የአንቴና ገመድ ተቆርጦ ክዳኑን መፍታት አስቸጋሪ ሲሆንም የሚመከረው እሱ ነው።

ወደ ጥገና ቤት የሚሄድ ሰው የላፕቶፑን ሙሉ ሞዴልና በአሮጌዋ ካርድ ላይ ያለውን ቁጥር በፎቶ ይያዝ። ሥራው ሲያልቅም ሂሳብ ከመክፈሉ በፊት ላፕቶፑን አንድ ጊዜ አጥፍቶ ያስነሳ፣ ብሉቱዙን ይሞክር፣ ከራውተሩም ራቅ ብሎ አንድ ቪዲዮ ይክፈት። ክዳኑን እየከፈተና እየዘጋ ሲግናሉ የሚወርድ ከሆነ የተቀየረው ካርድ ነው እንጂ ችግሩ አልተነካምና እዚያው ይናገር።