ከቆርቆሮው ጀምሩ፦ በትንሽ ገንዘብ የሚሠራ የጓሮ ዕቃ ቤት

ጎንደር ውስጥ ጓሮ ያለው ቤት ሁሉ አንድ የጋራ ችግር አለበት፤ ዕቃው ማደሪያ የለውም። ዶማው ከበር ኋላ፣ አካፋው ከአልጋ ሥር፣ የማዳበሪያው ጆንያ ከእህሉ ጎን ተደግፎ ይከርማል። ወደ ዳባትና ደባርቅ ከፍ ሲባል ለዘር የተመረጠ ድንችም ይጨመርበታል። መላው አንዲት ጠባብ ዕቃ ቤት ጓሮ ውስጥ ማቆም ነው። ብዙ ሰው ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው የብሎኬትና የሲሚንቶ ዋጋ ስለሆነ፣ ዋጋውን ሲሰማ ሐሳቡን እዚያው ይጥለዋል።

ለዶማ ማደሪያ ብሎኬት ቅንጦት ነው። ባህር ዛፍ ተተክሎ፣ በማገር ታስሮ፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ የተመረገበት የደጋው ግድግዳ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ጭቃ ቤት የሚፈርሰው ጭቃ ስለሆነ ሳይሆን ውሃ ስላገኘው ነው። ውሃው በሁለት በኩል ይመጣል፤ ከላይ በዝናብ፣ ከታች ደግሞ ከመሬት በሚፈናጠርና ወደ ላይ በሚሰርግ እርጥበት። ስለዚህ በእጃችሁ ያለችው ጥቂት ብር ለጣሪያውና ለመሠረቱ ትዋል። ግድግዳው አፈርና ጉልበት ነው።

ልኬቱን ከመሬቱ ሳይሆን ከቆርቆሮው ጀምሩ። በየገበያው የሚሸጠው የተለመደ ቆርቆሮ ወደ 2 ሜትር ርዝመትና 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። 4 ፍሬ ጎን ለጎን አድርጋችሁ፣ እያንዳንዱን በአንድ ተኩል ሞገድ ስታደራርቡ፣ 3 ሜትር ከ20 ገደማ ይሸፍናሉ። ከዚህ ላይ በዙሪያው ለክፈፍ የሚተርፈውን ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ቀንሱ። የሚወጣው ቤት 2 ሜትር ከ70 በ1 ሜትር ከ50 ነው። የፊቱን ግድግዳ 2 ሜትር ከ20፣ የኋላውን 1 ሜትር ከ90 ብታደርጉት ጣሪያው ባንድ ወገን ብቻ ያዘቀዝቃል፤ ውሃው በኋላ በኩል ይወርዳል፣ አንድም ቆርቆሮ በመቀስ አይነካም።

ይህን ስሌት የማያይ ሰው ብዙ ጊዜ "2 በ3 ይሁን፣ ሙሉ ቁጥር ነው" ይላል። ጥልቀቱ 2 ሜትር ከሆነ ግን ክፈፉ ሲጨመር አንድ ቆርቆሮ አይደርስለትም፤ ሁለተኛ ረድፍ ያስፈልጋል። 4 የነበረው ቆርቆሮ ቢያንስ 8 ሆነ ማለት ነው። በግማሽ ሜትር ምክንያት የጣሪያው ወጪ እጥፍ ይሆናል። ዋጋ በየሳምንቱ በሚለዋወጥበት ዘመን ወጪን በብር ሳይሆን በፍሬ ማስላት የሚሻለውም ለዚህ ነው።

ስትገዙ ጌጁን ጠይቁ። ቁጥሩ ሲያንስ ቆርቆሮው ይወፍራል፤ 28 ጌጅ ከ32 ጌጅ ይበልጣል። ለዕቃ ቤት ቀጭኑም ያገለግላል። አሮጌ ቆርቆሮ ካገኛችሁ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጋችሁ ከሥሩ ተመልከቱ፤ ብርሃን የሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ነገ የሚያፈስ ቀዳዳ ነው። ጥቂት ከሆነ በሬንጅ ይደፈናል፤ ወንፊት ከሆነ ለአጥር ይሁን። ሚስማሩ የሚመታው በሞገዱ ጉብታ ላይ ነው እንጂ ውሃ በሚወርድበት ስርጓድ ውስጥ አይደለም። ይህን የሚስት ባለሙያ አይታጣም፤ ሲመታ አጠገቡ ቁሙ።

ወደ እንጨቱ እንምጣ። ባህር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ ገብቶ ዛሬ የደጋውን ግንባታ ሁሉ ተሸክሞታል። በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሲጫን የኖረ ሸቀጥም ስለሆነ እንደ ድሮው ርካሽ አይደለም። ለምትሠሩት ቤት 3 ሜትር የሚሆን ቋሚ ይበቃል፤ 60 ሴንቲ ሜትሩ መሬት ይገባል፣ ቀሪው ግድግዳ ይሆናል። በየ60 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ብትተክሉ ከ15 አይበልጥም። ጥሬ እንጨት ሲደርቅ ይጣመማል፣ ሚስማር የገባበትም ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ልጡን ልጣችሁ ጥላ ሥር አድርቁት። መሬት የሚገባውን ጫፍ በእሳት ለብለብ አድርጋችሁ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቡት። ምስጥንና ብስባሽን ለዘለቄታው አያስቀርም፤ የእንጨቱን ዕድሜ ግን ያራዝማል። ጽድ ወይም ወይራ ከአሮጌ ቤት ፍርስራሽ ካገኛችሁ አራቱን ማዕዘን በእሱ አቁሙ። ለዕቃ ቤት ብሎ የቆመ አገር በቀል ዛፍ መቁረጥ ግን አይገባም።

በመሠረቱ ላይ አትሰስቱ። አፄ ፋሲለደስ በ1636 (እ.ኤ.አ.) የቆረቆሯት የጎንደር ከተማ ግንቦች በዚሁ አገር ጥቁር ድንጋይና በኖራ የቆሙ ናቸው፤ ድንጋዩ ዛሬም በየጓሮው ሞልቷል። ለእኛ ሥራ ኖራም ሲሚንቶም አያስፈልግም። በቋሚዎቹ ዙሪያ ከመሬት በላይ 40 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የድንጋይ ካብ ካቡ፤ ጭቃው ከዚያ በላይ ይጀምር። ከጣሪያ የወረደ ጠብታ መሬት ነክቶ ሲፈናጠር የሚመታው ድንጋዩን ይሆናል። ከዳገቱ በኩል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቆፍሩ። ጓሯችሁ እንደ ደንቢያ ሜዳ ዋልካ ከሆነ የቋሚውን ጉድጓድ ጠለቅ አድርጉት፤ ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ቋሚውንም አብሮ ያንቀሳቅሳል።

ለምርጊቱ ቀይ አፈር ይመረጣል። እፍኝ አፈር በውሃ አርሳችሁ ድቡልቡል ሠርታችሁ አድርቁት። በጣም ከተሰነጠቀ ጭድ ይጨመርበት፤ በጣት ሲነካ ከፈረሰ አሸዋው በዝቷልና ሌላ አፈር ፈልጉ። የጤፍ ጭድ ቀጭንና ልስልስ ስለሆነ ጭቃውን ከውስጥ አስተሳስሮ ይይዘዋል። ጤፍ በማይበቅልበት ደጋ የገብስ ገለባም ይሠራል፤ ሻካራ ስለሆነ በደንብ ይረገጥ። የተቦካው ጭቃ አንድ ሁለት ሳምንት እየተረገጠና ውሃ እየተጨመረበት ይክረም። ይሸታል፤ መሽተቱ መብሰሉ ነው። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ስንጥቁን ሳያሳይ ሁለተኛውን አትደርቡ። መጨረሻ ላይ በእበትና በአመድ ለቅልቁት። ጎረቤት በደቦ ከመጣ እያንዳንዱ ዙር የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ወጪው ጠላና ቆሎ ነው።

ለደባርቅና ለዳባት ሰው ግን የተለየ ነገር እላለሁ። ድንችን በ1858 (እ.ኤ.አ.) ወደ ኢትዮጵያ አስገባ ተብሎ የሚጠቀሰው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር ነው፤ ዛሬ የደጋው ገበሬ ኑሮ ያለ ድንች አይታሰብም። የዘር ድንች በጨለማ ከተከማቸ ረጅምና ነጭ፣ ሲነኩት የሚሰበር ቡቃያ ያወጣል። ቀጥተኛ ፀሐይ ሳይነካው ስስ ብርሃን ካገኘ ግን ልጡ አረንጓዴ ይሆናል፣ ቡቃያውም አጭርና ጠንካራ ይሆናል። ስለዚህ ከቤቱ ግማሹን ጭቃ አትምረጉት። ብርሃንና ነፋስ እንዲገባ ቀጫጭን እንጨት በጣት ስፋት አራርቃችሁ ምቱበት፣ በውስጡም የእንጨት ቆጥ በደርብ ሥሩ፣ ድንቹን በየቆጡ ሁለት ሦስት ድርብ ብቻ ዘርጉት። ቆርቆሮው በቀን ስለሚግል ከሥሩ ሣር ይጎዝጎዝለት። በዚህ መንገድ አረንጓዴ የሆነ ድንች ለዘር ብቻ ነው፤ መርዛማ ስለሚሆን ለልጆችም ለከብትም አይሰጥ። ማዳበሪያና ፀረ ተባይም ከድንቹ ጋር አንድ ቆጥ ላይ አይደር።

ከተማ ውስጥ ያላችሁ፣ ቤቱ ትንሽ ነው ብላችሁ ፈቃድ አትዝለሉ። የሕንፃ ሕጉ በከተሞች የሚሠራ ግንባታ በፈቃድ እንዲሆን ያዛል። የጣሪያውም ውሃ ወደ ጎረቤት አጥር እንዳይወርድ አቅጣጫውን አስቀድሞ ማየት ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናል።

ጊዜው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ነው። መስከረም ካለፈ መሬቱ ለቁፋሮ ገና ለስላሳ ነው፣ ከኅዳር ወዲህ ጭዱ ከአውድማ ይገኛል፣ ፀሐዩም ምርጊቱን ያደርቃል። ግንቦት ላይ ሆናችሁ ለመጀመር የቸኮላችሁ ካላችሁ ቋሚውን ትከሉ፣ ቆርቆሮውን አልብሱ፣ ዕቃችሁን ከሥሩ አስገቡ። ጭቃውን ግን ክረምቱ እስኪወጣ አትንኩት።