ጌጡ ሥር ያለው ጀርባ

ጥር 23 ቀን እንጅባራ የሄደ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ጌጡ ላይ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ሲያከብር ሜዳው ባሸበረቀ ፈረስ ይሞላል፤ እኔም አይቼ አልጠግብም። ግን ኮርቻው ሲወርድ ጠጋ ብዬ ጀርባውን ሳላይ አልመለስም። ዳማ ፈረስ ጀርባው ላይ ነጫጭ ጸጉር ካለው ብዙ ሰው «የተፈጥሮ ምልክቱ ነው» ብሎ ያልፋል። አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ኮርቻ ሲጫነው የኖረ ቦታ የጸጉሩ ሥር ይጎዳና ቀለም መስጠቱን ይተዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚበቅለው ነጭ ነው። ምኒልክን አባ ዳኘው፣ አሉላን አባ ነጋ፣ ባልቻን አባ ነፍሶ እያልን በፈረስ ስም የምንጠራ ሰዎች የፈረሱን ጀርባ እንዲህ ችላ ማለታችን ይገርመኛል።

ያልተገራ ፈረስ ዕቃ የሚለምደው በተራ ነው፤ መጀመሪያ ልባብ፣ ቀጥሎ ጀርባው ላይ ጨርቅ፣ ከዚያ ባዶ ኮርቻ፣ ሰው በመጨረሻ። ይህን ባለፈረስ ሁሉ ያውቀዋል።

የማይታወቀው የኮርቻው ምርጫ ነው። የአገራችን ኮርቻ አጥንቱ እንጨት ነው፤ በእርጥብ ቆዳ ይለበጥና ይደርቃል፤ ከደረቀ በኋላ ቅርጹ አይለወጥም። ገዢው ግን ጌጡን አይቶ፣ የራሱን መቀመጫ ለክቶ ይገዛል። መለካት ያለበት ፈረሱ ነበር! ሁለቱ ሳንቃዎች ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ሥጋው ላይ ይረፉ፤ አከርካሪውን ምንም አይንካው። ሰው ተቀምጦበት በትከሻው ጉብታና በኮርቻው መካከል ሁለት ሦስት ጣት ካልገባ ያ ኮርቻ የዚያ ፈረስ አይደለም። ከኋላም ከመጨረሻው፣ ከ18ኛው የጎን አጥንት አይለፍ። የበቅሎ ኮርቻ አውርዶ ፈረስ ላይ መጫን ደግሞ ቢቀር ይሻላል፤ የበቅሎ ትከሻ ዝርግ ነው፣ የፈረስ ሾል ያለ። «ከሥሩ ወፍራም ነገር ብደርብበትስ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጠባብ ኮርቻ ሲደረብበት ይብሱን ይጠባል።

ማረጋገጫው ላብ ነው። ፈረሱን በሶምሶማ እስኪያልበው ያስኬዱና ኮርቻውን አውርደው፣ ጀርባውን ሳይጠርጉ ይመልከቱ። ሳንቃው ያረፈበት ሁሉ እኩል ከራሰ ደግ ነው። በራሰው መሀል መዳፍ የምታህል ደረቅ ቦታ ካለች ይጠርጥሩ። አንድ ባለፈረስ እንዲህ ያለችውን ቦታ እያሳዩ «እዚህ ጋ እንኳ ላብ የለም፤ ተመችቶታል» አሉኝ። «አባባ፣ እስቲ ጣትዎን ጫን ያድርጉበት» አልኳቸው። ጫን ሲያደርጉት ፈረሱ ወገቡን ሰበቀ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ጣለ። ክብደቱ አንድ ቦታ ሲበዛ ደም እንደልቡ አይዘዋወርም፣ ላብ አመንጪውም ሥራ ያቆማል፤ ድርቀቱ ከዚያ ይመጣል። ነገር ግን ኮርቻው ጭራሽ ሳይነካው የደረቀም አለ፤ ሸክሙን የፊቱና የኋላው ብቻ ተሸክመውት መሀሉ ሲንሳፈፍ። ሁለቱን የሚለየው እጅ ነው። ኮርቻውን ያለ ምንጣፍ ይጫኑና መዳፍዎን ከሥሩ አስገብተው ከፊት ወደ ኋላ ይሳቡ፤ የት እንደሚያጣብቅ፣ የት ክፍት እንደሆነ ወዲያው ይታወቅዎታል።

ከሆዱ ሥር የሚታሰረውን ጠፍር በአንድ ጊዜ አያጥብቁ፤ ላላ አድርገው ይሰሩት፣ ጥቂት እርምጃ ያስኬዱት፣ ከዚያ ይጨርሱ። «ሲጭኑት ይናከሳል» ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ ፈረስ ካጋጠመዎ አመሉን ከመንቀፍዎ በፊት ኮርቻውን ያስመጡና ይዩ።

ስለ ልጓም ብዙ አልልም። በፊት ጥርስና በመንጋጋው መካከል ጥርስ የሌለበት ድድ አለ፤ የብረቱ ማረፊያ እሱ ነው። ከአገጭ ሥር በሚያልፍ ቀለበት የሚሠራው ያገር ቤት ልጓም ዛቡ ትንሽ ሲሳብ አፍና አገጭን አንድ ላይ ይጨብጣል። የለመደ እጅ ሲይዘው ግሩም ነው፤ በመገራት ላይ ላለ ፈረስ ግን ይከብዳል፤ ለእሱ ለስላሳ ብረት ይፈልጉለት። ልጅ ግልቢያ የሚለማመድበት ከሆነም ዛቡን ከልጓሙ ፈትተው ከልባቡ ጋር ይሰሩለት፤ ሚዛኑን ሲስት የሚጎትተው የፈረሱን አፍ አይሆንም።