የግጦሽ ሣር ተመራማሪ ሥራ በምን ይመዘናል?

በካፋ ዞን በጨና ወረዳ በምትገኘው በዋጫ ከተማ ዙሪያ ገበሬው ከእንሰትና ከቡና እርሻው ጎን ከብትና በግ ያረባል። የእንሰቱ ማሳ ፍግ የሚያገኘው ከከብቱ በመሆኑ፣ መኖ ሲጠፋ ጉዳቱ በወተትና በሥጋ ብቻ ሳይወሰን ወደ ማሳውም ይደርሳል። ስለዚህ ሣርን የሚያጠና ባለሙያ ምን አበረከተ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በሳይንስ ዓለም ግን የተመራማሪ ሥራ በአብዛኛው የሚመዘነው ባሳተማቸው ጽሑፎች ብዛትና ጽሑፎቹ በሌሎች ተመራማሪዎች በተጠቀሱበት መጠን ነው። ይህ ሚዛን የሚያሳየውንና የሚሰውረውን ለይቶ ማወቅ ለመምህራንም ሆነ ለዕቅድ አውጪዎች ይጠቅማል። (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሀ. ሚዛኑ እንዴት ይሠራል?

ጥቅሶችን በሥርዓት የመቁጠርን ሐሳብ በ1955 ያቀረበው አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ ነው፤ የመጀመሪያው የሳይንስ ጥቅስ ማውጫም በ1964 ታተመ። በ2005 ደግሞ የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ «የኤች መለኪያ» የተባለውን አቀረበ። አሠራሩን በምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። አንድ ተመራማሪ ስድስት ጽሑፎች አሳትሞ፣ እነዚህ በተከታታይ 20፣ 11፣ 7፣ 4፣ 2 እና 0 ጊዜ ተጠቀሱ እንበል። እያንዳንዳቸው ቢያንስ 4 ጊዜ የተጠቀሱ 4 ጽሑፎች ስላሉት መለኪያው 4 ይሆናል። አምስተኛው ጽሑፍ 5 ጊዜ ስላልተጠቀሰ ቁጥሩ ከዚያ አያልፍም። እንግዲህ አንድ ጽሑፍ ብቻ እጅግ ቢታወቅ፣ ወይም ማንም የማይጠቅሳቸው ብዙ ጽሑፎች ቢታተሙ መለኪያው ከፍ አይልም።

ለ. የዶክተር ሰገነት ቀለሙ ሥራ

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው በጎጃም በፍኖተ ሰላም የተወለዱት የዕፀዋት በሽታ ተመራማሪ የዶክተር ሰገነት ቀለሙ ሥራ ነው። በዓለማያ ተምረው በሞንታና የማስተርስ፣ በካንሳስ ደግሞ የዶክትሬት ዲግሪ ካገኙ በኋላ፣ በኮሎምቢያ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የሐሩር ክልል ግብርና ማዕከል ለብዙ ዓመታት የመኖ ዕፀዋትን አጥንተዋል። ከጥናቶቻቸው አንዱ ብራኪያሪያ በተባለው ሣር ውስጥ ሣሩን ሳይጎዳ የሚኖር ፈንገስን ይመለከታል። በ2001 ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ጽሑፍ ይህ ፈንገስ በሽታ አምጪ የሆኑ ሌሎች ፈንገሶችን እድገት እንደሚገታ አሳይቷል።

ብራኪያሪያ የአፍሪካ ሣር ነው። ወደ ደቡብ አሜሪካ ተወስዶ በብራዚል በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሄክታር የግጦሽ መሬት ሸፍኗል። በ1980ዎቹ አጋማሽ ከኢትዮጵያና ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የተሰበሰቡ የብራኪያሪያ ዐይነቶችም ለምርምሩ መሠረት ሆነዋል። ዶክተር ሰገነት በ2007 ወደ ናይሮቢ ከተመለሱ በኋላ፣ የመሩት ማዕከል የተሻሻለውን ሣር ወደ ትውልድ አህጉሩ በመመለስ ሥራ ተሰማርቷል። በ2014 የሎሬያልና የዩኔስኮ የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ሐ. ቁጥሩ የሚሰውረው

ጥቅስ የሚያመለክተው ተመራማሪዎች እርስ በርሳቸው መነባበባቸውን እንጂ ሣሩ ከገበሬው በረት መድረሱን አይደለም። ከዚህም በላይ የሣር ጥናት ባለሙያዎች ከሰው ሕክምና ተመራማሪዎች እጅግ ያነሱ ስለሆኑ ጠቃሹም ጥቂት ነው። ለብዙ ዓመት የሚቆይ ሣር ብርታቱ የሚታወቀው ክረምትና በጋ እየተፈራረቁበት በመሆኑ ውጤቱ ዘግይቶ ይታተማል። ብዙ ዕፀዋት ተመራማሪዎች ብራኪያሪያን ዩሮክሎዋ በሚል ስም ስለሚጠሩትም፣ በአንድ ስም ብቻ የሚፈልግ ሰው ግማሹን ጽሑፍ ሊያጣ ይችላል። ስለሆነም የሁለት የተለያየ ሙያ ሰዎችን በአንድ ቁጥር ማወዳደር ፍርድን ያዛባል። በ2012 የተዘጋጀው የሳን ፍራንሲስኮ መግለጫም የመጽሔትን የጥቅስ ቁጥር ተመራማሪን ለመመዘኛ ማዋልን የነቀፈው በመሰል ምክንያት ነው።

መ. ለካፋ ምን ትምህርት ይሰጣል?

ቅርብ የሆነ ማነጻጸሪያ በዚያው በካፋ ይገኛል። ከ2009 ጀምሮ የቦንጋ በግ ዝርያን ለማሻሻል የቦንጋ ግብርና ምርምር ማዕከልና ዓለም አቀፍ ተቋማት ከገበሬው ጋር በመተባበር በአዲዮ ወረዳ ሠርተዋል። ሥራው በሳይንስ መጽሔቶች ታትሟል፤ ገበሬዎቹም በማኅበር ተደራጅተው የተመረጡ አውራ በጎችን በጋራ ተጠቅመዋል። እዚህ ላይ ጥቅሱም በጉም አብረው ሊቆጠሩ ይችላሉ።

እንግዲህ ዕቅድ አውጪው የአንድን ሣር ተመራማሪ ሥራ ሲገመግም ከጥቅሱ ቁጥር ጋር ሦስት ጥያቄዎችን ቢያክል ይበጃል፤ ዘሩ ወይም ቁርጡ ለገበሬው ተዳርሷልን? ገበሬው ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ጠብቆ አቆይቶታልን? ውጤቱስ ገበሬውና የልማት ሠራተኛው በሚያነቡት ቋንቋ ተጽፏልን? መምህሩም ከላይ የተሰጠውን የስድስት ጽሑፎች ምሳሌ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ካሠራ በኋላ፣ ተማሪዎቹ በየቤታቸው ከብቱ የሚበላውን ሣር በአካባቢው ስሙ መዝግበው እንዲያመጡ ቢያዝ፣ የቁጥሩን ጥቅምና ወሰን አብረው ይረዳሉ።