ሙታንን ወንዝ የሚያሻግር ውሻ

ውሻ ለጌታው ታማኝ መሆኑን ለአንባቢዎቻችን መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ነገር ግን በጥንቱ የሜክሲኮ ሕዝብ በአዝቴኮች ዘንድ ይህ ታማኝነት ከሞት በኋላም ይፈለግ እንደ ነበር የሚያውቀው ጥቂት ሰው ስለ ሆነ፥ ዛሬ ይህንኑ ልናወጋ ወደድን።

የአዝቴኮች ዋና ከተማ ቴኖችቲትላን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1521 ዓ.ም. በእስፓኞሎች እጅ ወደቀች። ከዚያ በኋላ ቤርናርዲኖ ዴ ሳአጉን የተባለ መነኩሴ የአገሩን ሽማግሌዎች እየጠየቀ፥ እምነታቸውን በገዛ ቋንቋቸው በናዋትል አስጻፈ።

በዚህ እምነት የነፍስን ዕጣ የሚለየው አሟሟት ነው። በጦር ሜዳ የወደቀ ወታደርና በወሊድ የሞተች ሴት ወደ ፀሐይ ይሄዳሉ፤ ውሃ የወሰደው ሰው ወደ ዝናም አምላክ ለምለም አገር ይገባል። በበሽታ አልጋው ላይ የሞተው ግን፥ መኰንንም ይሁን ተራ ሰው፥ ሚክትላን ወደሚባለው የሙታን አገር ይወርዳል። መንገዱ አራት ዓመት ይፈጃል፤ እርስ በርሳቸው የሚላተሙ ተራሮችና እንደ ባልጩት ስለት የሚቈርጥ ነፋስ አሉበት። በመጨረሻም ሰፊ ወንዝ ይገጥመዋል።

ወንዙን ያለ ውሻ መሻገር አይቻልም። ስለዚህ ዘመዶቹ አንድ ውሻ ገድለው፥ በአንገቱ የጥጥ ክር አስረው፥ ከሬሳው ጋር ያቃጥሉታል። ውሻው ጌታውን ከወንዙ ዳር ሲያውቀው ዘሎ ውሃ ይገባና በጀርባው ተሸክሞ ያሻግረዋል። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ግን ብጫው ብቻ ነው። ነጩ ገና መታጠቡን ይናገራል፤ ጥቁሩም ገና መጥቈሩን ያመካኛል። እንዲህ ያለውን ሰበብ በየመሥሪያ ቤቱም የሰማነው ይመስለናል!

እኛን የገረመን ሌላ ነገር ነው። ይኸው ሕዝብ ውሻ እያደለበ ይበላ ነበር። ዲዬጎ ዱራን የተባለ ሌላ መነኩሴ በአኮልማን ገበያ ከ400 የሚበልጡ ውሾች ለሽያጭ ታስረው ማየቱን ጽፏል። መቼም የሚበላውን እንስሳ በመጨረሻዋ ሰዓት ደጅ መጥናት ቀላል አይደለም። ጀግናው በጀግንነቱ ፀሐይ ዘንድ ሲደርስ፥ በሹመቱ ይኰራ የነበረው መኰንን በሕመም ከሞተ የሚያሻግረው ሹመቱ ሳይሆን ውሻው ነው።

ልማዱ በአዝቴኮች የተጀመረ አይመስልም። ከእነርሱ ብዙ መቶ ዓመታት አስቀድሞ በተቈፈሩ በምዕራብ ሜክሲኮ በኮሊማ መቃብሮች ውስጥ፥ ከሸክላ የተሠሩ ቀያይ ውሾች ከሙታን ጋር ተቀብረው ተገኝተዋል፤ ብዙዎቹም በደንብ የደለቡ ናቸው።