75 ዋት ምን ያህል ያሠራል?

የግራፊክስ ካርድ ወሬ ሲነሳ የሚደነቁት ግዙፎቹ ናቸው። አርቲኤክስ 4090 ብቻውን እስከ 450 ዋት ይጠጣል። እኔን ግን የሚገርመኝ ትንሹ ነው፤ ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2016 በ139 ዶላር መነሻ ዋጋ ያወጣው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ።

ከቢሮ የወጣ አሮጌ ዴስክቶፕ ገዝቶ ጌም መጫወት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ችግር መብራት ነው። የብዙዎቹ ፓወር ሰፕላይ ከ300 ዋት በታች ነው፤ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድም የለውም። ስለዚህ ካርዱ የሚበላው ሁሉ በተሰካበት ስሎት በኩል መምጣት አለበት። የስሎቱ ጣሪያ ደግሞ 75 ዋት ነው፦ ከ12 ቮልቱ መስመር 5.5 አምፒር፣ ማለትም 66 ዋት፣ የቀረው ከ3.3 ቮልቱ። አንድ የድሮ አምፖል የሚፈጀውን ያህል ማለት ነው።

በዚህች ኃይል የሚሠራው የ1050 ቲአይ ቺፕ ስፋቱ 132 ካሬ ሚሊሜትር ሲሆን 3.3 ቢሊዮን ትራንዚስተሮች ተጠቅጥቀውበታል። በእያንዳንዷ ካሬ ሚሊሜትር 25 ሚሊዮን! 768 የስሌት ኮሮቹ ተባብረው በሴኮንድ ከ2 ትሪሊዮን በላይ ስሌት ይሠራሉ። ሜሞሪው በሴኮንድ 112 ጊጋባይት ያመላልሳል፤ ሃያ ሦስት ዲቪዲ ሙሉ ዳታ በአንዲት ሴኮንድ።

ትሪሊዮን ሲባል ጆሮ ይሰማል እንጂ ልብ አይይዘውም። ስለዚህ ወደ ስክሪኑ እናውርደው። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን 2,073,600 ፒክሰሎች አሉት። ጌሙ በሴኮንድ 60 ፍሬም ቢያሳይ፣ በየሴኮንዱ 124,416,000 ጊዜ የአንድ ፒክሰል ቀለም መወሰን አለበት። የካርዱን አቅም ለዚህ ብናካፍለው ለእያንዳንዷ ነጥብ፣ በእያንዳንዱ ፍሬም፣ 17 ሺህ ገደማ ስሌት ይደርሳታል። ጥጉ ላይ ያለች፣ ማንም የማያያት የሰማይ ነጥብ እንኳ 17 ሺህ! ያም በ16.7 ሚሊሴኮንድ ውስጥ። ካርዱ ሁልጊዜ በሙሉ አቅሙ አይሠራም፤ ዳታ ሲጠብቅ የሚያባክነው ጊዜ አለ። ቢሆንም የቁጥሩ መጠን ያው ነው።

ለማነጻጸር ያህል፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1997 የዓለም ፈጣኑ ኮምፒውተር በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ በሳንዲያ ብሔራዊ ላቦራቶሪ የተተከለው አስኪ ሬድ ነበር። በ7,264 ፕሮሰሰሮች በሴኮንድ 1.068 ትሪሊዮን ስሌት በመሥራቱ አንደኛ ወጣ፤ እስከ 2000 አጋማሽም ማንም አልቀደመውም። ሙሉ ማሽኑ የሚፈጀው ኃይል ወደ 850 ኪሎዋት ይደርስ ነበር፤ ከካርዳችን ከ11 ሺህ ጊዜ በላይ። እዚህ ላይ ፍርድ እንዳይዛባ አንድ ነገር መባል አለበት፦ አስኪ ሬድ የተለካው ባለ 64 ቢት በሆነ፣ ጥንቃቄው በበዛ ስሌት ነው፤ የጌም ካርዱ 2 ትሪሊዮን ደግሞ በ32 ቢት ነው። በ64 ቢት ቢመዘን የካርዱ አቅም ወደ 1/32 ይወርዳል። አስኪ ሬድ ለተሠራለት የኑክሌር ምርምር አይበቃም፤ ለፒክሰል ቀለም ግን 32 ቢት ይተርፋል፤ ሥራው የሚጠይቀውን ብቻ መሥራቱ በ75 ዋት እንዲኖር ረድቶታል።

የስሎቱ ጣሪያ እስካሁን አልተለወጠም። እ.ኤ.አ. በ2019 ጂቲኤክስ 1650 በዚያው 75 ዋት 4.7 ቢሊዮን ትራንዚስተር ይዞ መጣ። በ2024 የወጣው ባለ 6 ጊጋባይቱ አርቲኤክስ 3050 ደግሞ በ70 ዋት 2,304 ኮሮች አሉት፤ ከ1050 ቲአይ ልክ ሦስት እጥፍ፣ ያውም በ5 ዋት ቅናሽ።