አሮጌው ቶርኖ ለምን አልዞር አለ?

ቶርኖ ብረትን እያዞረ የሚቀርጽ ማሽን ነው። መርካቶ ያደገ ሰው ድምፁን ያውቀዋል፤ እዚህ ለተወለዱት ልጆቻችን ግን እንግዳ ነው። ምግብ ቤቴ የሚመላለስ አንድ ወጣት በቅርቡ ባለ 9 ኢንች ሳውዝ ቤንድ ቶርኖ በርካሽ ገዝቶ ጋራዡ ውስጥ አስገባ። ሳውዝ ቤንድ ኢንዲያና ውስጥ ያለ ከተማ ነው፤ ጆንና ማይልስ ኦብራየን የሚባሉ መንትያ ወንድማማቾች በ1906 እ.ኤ.አ. ፋብሪካውን ያቋቋሙት እዚያ ነው።

ማሽኑ ግን ዋናው ዘንግ በእጅ ሲገፋ ንቅንቅ አይልም። ልጁ "ዝጎ ተጣብቋል፣ ለቁራሌው ይሰጥ" አለ። አባቱ አገር ቤት ሳሉ ቶርኖ ቤት ሠርተዋል፤ አሜሪካ ከገቡ ወዲህ ግን ስለ ሙያቸው የጠየቃቸው ሰው የለም። "ቆይ እስኪ ልጄ፣ ጉልበቱ በየት በየት እንደሚሄድ እንይ" አሉት። እኔም ሰምቼ አላስቻለኝም፣ ሄድኩ።

መጀመሪያ ሶኬቱ ተነቀለ። ልጆች፣ ይቺን እንዳትዘሏት፤ ቺንጋ ጣት አይመርጥም።

ሞተሩ ከማሽኑ ኋላ ነው። ከሱ ትንሽ ፑሌጃ የተነሳ ቺንጋ ትልቅ ፑሌጃ ያዞራል። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለው ሞተር ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 1,725 ዙር ይዞራል። ትንሹ ፑሌጃ 2 ኢንች፣ ትልቁ 8 ኢንች ቢሆን ፍጥነቱ ወደ 430 ይወርዳል። (አውሮፓ ያላችሁ ከ1,440 ገደማ ተነሱ፣ መብራቱ ይለያያል።) ከትልቁ ፑሌጃ ጋር በአንድ ዘንግ ላይ ደረጃ ደረጃ ያለው ሌላ ፑሌጃ አለ፤ ዋናው ዘንግ ላይም እንደሱ ያለ ተገልብጦ ተቀምጧል። ሁለቱን ጠፍጣፋ የቆዳ ቺንጋ ያገናኛቸዋል። ቺንጋው ከደረጃ ደረጃ ሲዛወር ፍጥነቱ ይቀየራል።

እስከዚህ ቀላል ነው። ግራ የሚያጋባው ፑሌጃው ዋናውን ዘንግ የሚያዞርበት ሁለት መንገድ ስላለው ነው። አንዱ ቀጥታ ነው፤ አንዲት ፒን ፑሌጃውን ዘንጉ ላይ ከታሰረው ትልቅ ጥርስ ጋር ትቆልፈዋለች። ሌላው ዙሪያ ጥምጥም ነው፤ ፒኗ ትለቅና ፑሌጃው ዘንጉ ላይ ለብቻው ይሽከረከራል፣ ጉልበቱ በኋላ ጥርሶች ዞሮ ወደ ትልቁ ጥርስ ይመጣል። ያኔ ዘንጉ ይዘገያል፣ ጉልበቱ ይጨምራል፤ መኪና ዳገት ላይ አንደኛ ማርሽ እንደሚገባላት።

ሁለቱ ባንድ ጊዜ ከገቡስ? አንዱ ፍጠን፣ አንዱ ቀስ በል ይለዋል፤ ዘንጉ ደርቆ ይቀራል። ሁለት ዋና ወጥ ሠሪ ያለበት ወጥ ቤት በሉት፣ እኔ አውቀዋለሁ።

የዚህም ችግር ይኸው ነበር። አባትየው የኋላ ጥርሶቹን ማንሻ መለስ ሲያደርጉት ዘንጉ በሁለት ጣት ዞረ። ልጁ "አባዬ፣ ድጋሚ አሳየኝ" አለ፤ ሦስት ጊዜ አሳዩት። ብረት መያዣውን ለመፍታት ሲሉ ሁለቱን ሆን ብለው የሚያስገቡ ሰዎች አሉ፤ ጥርሱ ይሰበራልና አይደረግም።

የቀረው ሞተሩ ነው። ሦስት ፌዝ ሆኖ ተገኘ፣ የቤቱ መብራት ደግሞ አንድ ፌዝ። መቀየሪያ ይገዛ ወይስ ሞተሩ ይለወጥ በሚለው አባትና ልጅ እስካሁን አልተስማሙም።